የመምህር ኃይለ ሚካኤል ዜማ

መሪጌታ ደስታው ላፕቶፓቸውን በጋቢ ጠቅልለው ወረታ መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ዝናብ ያዛቸውና ሻይ ቤት ተጠጉ። እዚያም የጎረቤታቸውን የማናዬን ልጅ መስከረምን አገኟት። መስከረም ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ታስተምራለች።

«የኔታ፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?»

«ይህን ዕቃ ወደ አሮጌው ሥርዓቱ የሚመልስልኝ ሰው ፍለጋ ነው፣ ልጄ። አዲስ የኮምፒውተር ሥርዓት ከጫኑበት ወዲህ የመምህሬን የተቀዳ ዜማ ወደ ፍላሽ ሳሳልፍ መሃል ላይ ይቋረጥብኛል። አዲስ ነገር እንዲህ ነው፤ የነበረውን ይበላል!»

መምህር ኃይለ ሚካኤል ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው። ክረምት መጥቶ ፎገራ ላይ ውሃ ሲተኛ፣ ተማሪውም ሲበተን፣ መሪጌታ ብቻቸውን ቁጭ ብለው ያንን ድምፅ ይሰማሉ። መምህሩ ሊጀምሩ ሲሉ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ የመሪጌታ ዓይን እንባ ያቀርራል።

«አሮጌው ሥርዓት እኮ ሠሪዎቹ ስለተዉት ዛሬ ጠባቂ የለውም» አለች መስከረም። «ቫይረስ ቢገባበት ዜማው ሁሉ ባንድ ቀን ይጠፋል። ጥፋቱ የት እንዳለ ሳናውቅ አዲሱን ለምን እንኮንናለን? አንድ በአንድ እንየው።»

«አንድ በአንድማ ዕድሜዬም አይበቃም!»

ፍላሹን ለወጠች፤ ያው ሆነ። ፍላሹ የሚገባበትን መሰኪያ ቀየረች፤ አሁንም ተቋረጠ። በመጨረሻ አዲሱ ሥርዓት ባትሪ ለመቆጠብ ሲል መሰኪያውን መሃል ላይ እንደሚያጠፋው ደረሰችበት። ያንን ስታስተወው ዜማው ሳይቆራረጥ ያልፍ ጀመር።

«ተመስገን! እንግዲህ ከላፕቶፑ ላጥፋው።»

«አያጥፉ፣ የኔታ! ብራና ገልብጠው ሲጨርሱ ምን ያደርጋሉ?»

«ከእናቱ፣ ከተገለበጠበት ጋር ቃል በቃል አናብበዋለሁ እንጂ! ሳይናበብማ ምኑን መጽሐፍ ሆነ?»

«ይህም ያው ነው። ቅጂው ሙሉ መሆኑ ሳይታይ እናቱ አትጠፋም።»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። «የጽጌውን ዜማ ግን ቀድሜ ከላፕቶፑ አጥፍቼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

ፍላሹ ላይ ሲከፍቱት መምህሩ ዜማውን ከፍ አድርገው ሊያነሡ ሲሉ ድምፁ ቀጥ አለ።

«የጠፋው አይገኝም?» አሉ መሪጌታ።

«እሞክራለሁ፤ ተስፋ ግን አልሰጥዎትም።»

«ለካ ጥፋቱ የአዲሱ ብቻ አልነበረም» አሉ መሪጌታ። «እኔም ሳላናብብ ቸኮልኩ።»

ከዚያ ወዲህ ዜማው በሦስት ቦታ ተቀምጧል፦ አንዱ በደብሩ፣ አንዱ ይፋግ በወንድማቸው ቤት፣ አንዱ በመስከረም ዘንድ። አንዱ ዕቃ ቢበላሽ ሌላው አለ፤ ተማሪዎችም መምህሩን ሳያዩ ከአንደበታቸው ይማራሉ።

የጽጌው ግን አልተገኘም። ወርኃ ጽጌ በደረሰ ጊዜ መሪጌታ የቀረውን ግማሽ ለተማሪዎቻቸው ያሰማሉ። ድምፁ ሲቆም፣ እርሳቸው ተቀብለው እስከ መጨረሻው ያደርሱታል።