የማንን ጉልበት ልሳም?

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ጎንደር ስንወርድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ አጠገባቸው ያለውን ወጣት በጨዋታ ያዙት።

«ምነው ተክዘሃል፣ ልጄ?»

«እሑድ ሠርጌ ነው፣ አያ።»

«ታዲያ ለሠርግ ይተከዛል? ልጅቱን አልወደድካትም?»

«እሷስ ሸጋ ናት። ሳልወለድ ጥሎን የሄደው አባቴ ሠርጌን ሰምቶ መጣሁ አለ። በአባት ቦታ የሚቀመጡት ግን የቄስ ትምህርት ቤት መምህሬ፣ የኔታ ናቸው። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ስታመም አዝለው ጠበል የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው።»

«እና የማንን ጉልበት ልትስም ነው?»

«የየኔታን ብቻ አልኩ። እሳቸው ግን አባትህን ካላስቀደምክ ሠርጉ ላይ አልገኝም አሉ።»

«ምነው?»

«‹አባትህን አክብር ብዬ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ፤ በሠርግህ ቀን ውሸታም አታድርገኝ› አሉኝ።»

ይሄማ ፍርድ አይደለም፣ ያሳደገ ይቅደም ልል ስል ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«አንተስ ምን ቆረጥክ?»

«ልቀበለው እየሄድኩ ነው። ‹አባባ› የሚለው ቃል ከአፌ መውጣቱን ግን እንጃ።»

«አይተኸው የማታውቀውን ሰው በምን ትለየዋለህ?»

«ነጭ ጋቢ ለብሼ መናኸሪያ እቆማለሁ ብሏል።»

«ጎንደር ነጭ ጋቢ ያልለበሰ ሽማግሌ የት አለና?»

ልጁ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«ለየኔታ ስል ፈልጌ አገኘዋለሁ፣ አያ።»

መናኸሪያ ስንደርስ ከልጁ ቀድሜ እኔ በመስኮቱ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው መፈለግ ጀመርኩ።