ድምፁ የጠፋው ፔጆ

(ረቡዕ ረፋድ፣ ጉለሌ። የጥንት መኪና ወዳጆች ማኅበር ሰብሳቢ አቶ ነገደ የሟች ጓደኛውን የአምሃን ፔጆ 404 ኮፈን ከፍቶ አፍጥጧል፤ የአምሃ ባለቤት ነርስ ትርንጎ ከአዳር ሥራ ገብታ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።)

ነገደ፦ እኔ የምልሽ ሌላ አይደለም። ሞተሩን ለእሁዱ ሙት ዓመት ብቻ መልሺው። ሰኞ እንደፈለግሽ አድርጊው፣ ማንም አይናገርሽም።

ትርንጎ፦ ሞተር እኮ ነው ጋሽ ነገደ። ባርኔጣ መሰለህ እንዴ፣ ለእሁድ አድርጌው ሰኞ የማወልቀው?

ነገደ፦ ሰው አለኝ። ሦስት ቀን ከሰጠሽው ይገጥመዋል። ለመሆኑ የት ነው ያለው? ሸጥኩት እንዳትይኝ ብቻ!

ትርንጎ፦ ዕቃ ቤት ነው። ብርድ ልብስ አልብሼዋለሁ።

ነገደ፦ ተመስገን። ይሄ ሳጥን ምንድን ነው?

ትርንጎ፦ ባትሪ።

ነገደ፦ ይሄኛውስ?

ትርንጎ፦ እሱም ባትሪ። ከተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ወጥቶ ነው የተገጠመው። የሚያሽከረክረው ነገር ደግሞ ከሥር አለ፣ ጎንበስ ካልክ ይታይሃል።

ነገደ፦ ማየት አልፈልግም። በስመ አብ! ማርሹ እንኳ አለ አይደል? መሪው ላይ ያየሁት መሰለኝ።

ትርንጎ፦ አለ። ቦርሳዬን አንጠለጥልበታለሁ።

ነገደ፦ ትርንጎ!

ትርንጎ፦ ምን ላድርገው ታዲያ? ሥራ ፈቷል። አሁን ሲረግጡት ይሄዳል፣ ሲለቁት ይቆማል። ማርሽ መቀየር የለ፣ ፍሪሲዮን መርገጥ የለ።

ነገደ፦ መብራት ሲጠፋስ?

ትርንጎ፦ ያኔ ይቆማል። በቤንዚን ጊዜስ ከሳምንቱ ስንቱን ቀን ቆሞ ነበር የሚውለው?

ነገደ፦ አሁን ይሄ ያስቃል? አምሃ ይህችን መኪና እንዴት አድርጎ እንደያዛት ታውቂያለሽ። የበሯ አንዲት ብሎን ብትጠፋበት ድሬዳዋ ድረስ ሄዶ ነው ፈልጎ ያመጣት።

ትርንጎ፦ አስታውሳለሁ። ልጃችን የተመረቀች ቀን ነበር።

ነገደ፦ እሱን እንኳ አላውቅም ነበር።

ትርንጎ፦ ፎቶው ላይ እኔና እሷ ብቻ ነን። እሱ ማታ ብሎኗን ይዞ መጣ፤ እኛም አይተን እልል አልን። ምን እናደርጋለን?

ነገደ፦ እና በዚህ ተቀይመሽ ነው?

ትርንጎ፦ ኧረ አልተቀየምኩም። ጉልበቴ ነው። ፍሪሲዮኑን በረገጥኩ ቁጥር እስከ ወገቤ ይወጋኛል። ደግሞም ለቤንዚን ሰልፍ ቆሜ አዳር ልገባ? አልቻልኩም።

ነገደ፦ ማኅበሩ ቤንዚን ያስቀዳልሽ ነበር። ወይ ለራስሽ ትንሽ መኪና ትይዢና ይህችን ለእኛ ትተዪልን ነበር። ሸራ አልብሰን፣ በየሳምንቱ እያስነሳን እንጠብቅልሽ ነበር።

ትርንጎ፦ እሱን ተወው።

ነገደ፦ የቱን?

ትርንጎ፦ ማስነሳቱን። ይልቅ ስለ ግሩፑ ንገረኝ። የቴሌግራሙ።

ነገደ፦ የምን ግሩፕ?

ትርንጎ፦ የእናንተ ነዋ። አንዱ መኪናዋን «ጎማ የተገጠመለት ሞባይል» ብሏታል። ሌላው እሁድ እሷ ከፊት ከመራች የማኅበሩን መታወቂያ እመልሳለሁ ብሎ ዝቷል። አንዱ ደግሞ «ባሏን ሁለተኛ ቀበረችው» ብሎ ጽፏል።

ነገደ፦ ማነው ይሄን ያሳየሽ?

ትርንጎ፦ ማንም። የአምሃ ስልክ እኔ ጋ ነው። እሱን ከግሩፑ ያስወጣው የለም፤ በጮኸ ቁጥር አነሳለሁ፣ አነባለሁ። አንተም ከሥሩ የሚያለቅስ ፊት አድርገሃል።

ነገደ፦ እሱ... እሱ እኮ ለአምሃ ነው።

ትርንጎ፦ ለአምሃ ከሆነ ደርሶታል።

ነገደ፦ አጠፋሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰዎቹም ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ እንደዚህች ያለች መኪና በአገሩ ላይ ስንት ቀረች? ያልተነካች፣ ያልተለወጠች። አንዷ ስትሄድ ከእኛም አንድ ነገር አብሮ የሚሄድ ይመስለናል። ደግሞ ደንባችንን ታውቂያለሽ።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ።

ነገደ፦ አንድ አባል በሞተ በዓመቱ የራሱ መኪና ከፊት ትመራለች። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ ሌላው ሁሉ ሞተሩን ያጠፋል፤ የሟቹ ሞተር ብቻ አምስት ደቂቃ ይሠራል። ቆመን እንሰማዋለን። ስንብት ነው። አምሃ ለስንቱ ቆሞ ሰምቷል፣ እያለቀሰ! ለእሱ ሲደርስ ይቅር?

ትርንጎ፦ ይቅር።

ነገደ፦ እንዲህ በቀላሉ?

ትርንጎ፦ በቀላሉ አይደለም። ግን ይቅር።

ነገደ፦ እሺ፣ መገጠሙ ይቅር። ሞተሩን ብቻ ፒካፕ ላይ ጭነን እዚያው ደጁ ላይ ብናስነሳውስ?

ትርንጎ፦ በጥቅምት ፀሐይ፣ ካህናት ቆመው፣ ፒካፕ ላይ ሞተር? አምሃ ከመቃብር ተነስቶ አብሮ ይስቅብሃል።

ነገደ፦ እንግዲያው ሌላ መላ አለኝ። ድምፁ ስልኬ ላይ አለ። አቻምና ቢሾፍቱ ስንሄድ ቀድቼዋለሁ። በድምፅ ማጉያ እናሰማዋለን። እስቲ ስሚው፣ ምን ያህል ጥርት እንዳለ...

ትርንጎ፦ እንዳትከፍተው!

ነገደ፦ ትንሽ ብቻ፣ እንድትሰሚው...

ትርንጎ፦ በማርያም ይዤሃለሁ ጋሽ ነገደ፣ እንዳትከፍተው አልኩህ!

ነገደ፦ እሺ፣ እሺ። ይኸው ኪሴ ከተትኩት። ምን ሆንሽ?

ትርንጎ፦ ምንም አልሆንኩም። ደክሞኛል። ከአዳር ገብቼ አልተኛሁም።

ነገደ፦ ይሄ የአዳር ድካም አይመስለኝም።

ትርንጎ፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቅድም ስትመጣ በሩን አንኳኩተሃል?

ነገደ፦ አላንኳኳሁም።

ትርንጎ፦ ክላክስስ አድርገሃል?

ነገደ፦ የለም። ገና መኪናዬን ሳላቆም በሩ ተከፍቶ፣ አንቺ እዚያ ቆመሽ። እንደውም መምጣቴን ማን ነገራት ብዬ ነበር።

ትርንጎ፦ ማንም አልነገረኝም። የአንተም ፔጆ ያው 404 ነው። ከመታጠፊያው ጀምሮ ይሰማኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አምሃ በር ላይ ክላክስ አድርጎ አያውቅም። ሞተሩን እሰማለሁ፣ የያዝኩትን ጥዬ እወጣለሁ፣ እከፍትለታለሁ። እሱም ሳይቆም ይገባል። አንድ ቀን ደጅ አቁሜው አላውቅም።

ነገደ፦ ይነግረን ነበር። ሚስቴ እንደናንተ ሚስቶች አታስጠብቀኝም እያለ ያናድደናል።

ትርንጎ፦ ከአርባው በኋላ መኪናው ቆሞ እንዳይበላሽ ብዬ መካኒክ ጠራሁ። እዚሁ ግቢ ውስጥ አስነሳው። እኔ ማጀት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። በሩን ከፍቼ፣ ቢላዋውን እንደያዝኩ መንገዱን አያለሁ። መካኒኩ ከኋላዬ «እትዬ፣ የሚመጣ ሰው አለ?» አለኝ።

ነገደ፦ አይ ትርንጎ።

ትርንጎ፦ አንድ ቀን ቢሆን በቻልኩት። መካኒኩ በየሳምንቱ ሊያስነሳው ይመጣል፣ በየሳምንቱ በሩን እከፍታለሁ። መኪናው ከኋላዬ እንደቆመ እያወቅሁ! እግሬ እሺ አይለኝም። ከፍቼ ማንም ሳይኖር ሲቀር ደግሞ ያው የመጀመሪያው ቀን ነው፤ መርዶው እንደ አዲስ ይመጣብኛል። ሽጪው አሉኝ፤ እንዴት ልሽጠው? ወንበሩ ላይ ስቀመጥ እሱ አጠገቤ ያለ ይመስለኛል። እናም ድምፁን አስወጣሁና የቀረውን አስቀረሁ።

ነገደ፦ ለምን አልነገርሽንም?

ትርንጎ፦ ለማን? ለግሩፑ?

ነገደ፦ ለእኔ።

ትርንጎ፦ አፈርኩ። ነርስ ነኝ እኮ፤ የስንቱን ሰው ዓይን ከድኜ ለቤተሰቡ የምነግር ሰው ነኝ። የእኔን ባል ሞት እግሬ አላምን አለ ብዬ እንዴት ላውራ?

ነገደ፦ እሁድ እኮ አሥራ አንድ መኪና ነው የሚመጣው። አራቱ ፔጆ ናቸው።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እሱን ሳስብ ነው የምውለው። አትምጡ አልላችሁም፤ ወዳችሁት ነው የምትመጡት። ስለዚህ እኔ በጠዋት በታክሲ ሄጄ፣ ቅዳሴውን አስቀድሼ፣ እናንተ ሳትደርሱ ልመለስ። መኪናውም እዚሁ ይሁን። አንተ በልልኝ፣ አሟታል በላቸው።

ነገደ፦ የገዛ ባልሽን ሙት ዓመት ተደብቀሽ?

ትርንጎ፦ ምን ላድርግ? ክርክር አልችልም፣ ጋሽ ነገደ። ዓመት ሙሉ ደከመኝ።

ነገደ፦ ቆይ፣ ስልኬን ላውጣ። አትደንግጪ፣ ድምፁን አልከፍትም። ልጽፍ ነው።

ትርንጎ፦ ለግሩፑ? ይሄን የነገርኩህን እንዳትጽፍ!

ነገደ፦ ሞቼ ነው? እንዲህ ነው የምጽፈው። «እሁድ የአምሃ መኪና ከፊት ናት። ትርንጎ ትነዳታለች።»

ትርንጎ፦ የእናንተስ መኪኖች?

ነገደ፦ «ሌላ ሞተር አይነሳም፤ መኪናችሁን ቤት ትታችሁ ኑ። ከቤቷ ጀምረን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር እንከተላታለን። ምክንያቱን የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይኖር።»

ትርንጎ፦ ይሰድቡሃል።

ነገደ፦ ይስደቡኝ።

ትርንጎ፦ ሁለት ኪሎ ሜትር እኮ ነው። ሽማግሌዎች ናችሁ፤ ማን ይሄድልሃል?

ነገደ፦ ሁሉም ይሄዳል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አሮጌ መኪና ሲገፉ የኖሩ ናቸው፤ ከፔጆ ኋላ በእግር መሄድ አዲስ አይሆንባቸውም። አንቺ ብቻ ቀስ ብለሽ ንጂልን።