ስሙ በጀርባው የተጻፈ ጋዋን

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ ሁለቱ ሰዎች ሳይተዋወቁ በቀሩ ነበር። አንደኛው ዕድሜ ጠገብ የስፌት መኪና ጠጋኝ ናቸው፤ በእጃቸው ያልዳነ መኪና ስለሌለ ሰፈርተኛው «ሐኪሙ» ይላቸዋል። ሁለተኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀድሞ በሙያ ትምህርት ቤት ስፌት ታስተምር የነበረች፣ በቅርቡ የራሷን ሥራ የጀመረች ወጣት ሴት። ሁለቱም ዝናብ ሽሽት ከአንድ መድኃኒት ቤት በረንዳ ላይ ተጠለሉ። ሐኪሙ ዣንጥላ ረስተው ነው የወጡት። ሴትዮዋ አልረሳችም፤ ነገር ግን ዣንጥላዋን በላስቲክ ለጠቀለለችው የስፌት መኪና ዘርግታ እሷ ከራስ እስከ እግሯ በስብሳለች።

ሐኪሙ ይህን አይተው ዝም ማለት አልቻሉም።

«ልጄ፣ መኪናን ጉንፋን አይዘውም። ዣንጥላውን ለራስሽ አድርጊው» አሏት።

«ምን ላድርግ አባባ፣ ታሞብኝ እኮ ነው። ከገዛሁት ገና ሁለት ወሩ ነው። ጠጋኝ ፍለጋ ስንከራተት ዋልኩ።»

«እንግዲያው መንከራተቱ ይብቃሽ። ሐኪሙ አጠገብሽ ቆሟል።»

ዝናቡ ሲያባራ መኪናውን ተጋግዘው ወደ ሐኪሙ ሱቅ ወሰዱት። ሱቁ ጠባብ ነው። አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ በየቆርቆሮው የተለየ ብሎንና መርፌ፣ ግድግዳው ላይ መሥራት ያቆሙ አሮጌ መኪኖች፣ ከዚያም ሁለት ወንበሮች አሉ። በአንዱ ራሳቸው ይቀመጣሉ። በሌላው ማንም አይቀመጥም። ያ የልጃቸው ወንበር ነው፤ እናቷ በልጅነቷ ስላረፈችባት ከትምህርት ቤት መልስ የቤት ሥራዋን እዚያ እየሠራች ነው ያደገችው። ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆናት። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ወንበሩ ላይ አይቀመጥም፤ የማያውቅ ቢቀመጥ እንኳ ሐኪሙ «ይንገዳገዳል» ብለው ያስነሱታል። ወንበሩ ግን ተንገዳግዶ አያውቅም።

ያን ዕለት ሴትዮዋ እንዲያ በስብሳ ሲያዩአት አንጀታቸው አልቻለም። «ተቀመጪ» አሏት።

ከዚያም ሰማያዊ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ካቻቢቴያቸውን አንስተው የመኪናውን ሆድ ከፈቱት።

«ጉድ ነው! ብረት መሆን የነበረበት የማርሽ ጥርስ ፕላስቲክ ነው። መጋረጃ ይሰፋ ይሆናል። ወፈር ያለ ጨርቅ ሲያገኝ ግን ይኸው እንዲህ ይረግፋል። ምን ስትሰፊ ተሰበረ?»

«የተማሪ ዩኒፎርም። መጀመሪያ ያገኘሁት ትልቅ ሥራ ነው፤ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ካላደረስኩ ሁለተኛ ማን ሥራ ይሰጠኛል?» አለችና ተነፈሰች። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሰው ወሬ አምኜ። ‹የቤት ዕቃ ወግ› የሚባል ገጽ አለ። አንዲት ብሎገር ናት የምትጽፈው። ‹ጂንሱንም ሸራውንም እንደ ወረቀት ይበሳል፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል› ብላ ጻፈች። እኔም ሮጬ ገዛሁ። ሲሰበር ወደ ሻጩ ብሄድ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ለጸሐፊዎቹ ሁሉ አንዳንድ በነጻ ሰጥተናል፤ አንዳቸውም አላማረሩም!›»

የሐኪሙ ካቻቢቴ ባለበት ቆመ። «የቤት ዕቃ ወግ» የልጃቸው ገጽ ነው።

በየማለዳው ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ያነቡታል። መኪና ለመግዛት ወይም ካውያ ለመምረጥ ብለው አይደለም፤ ልጃቸውን ስለሚናፍቁ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስታወራ የሚሰሟት ይመስላቸው ነበር። «ይህ ካውያ ሸሚዜን አቃጠለብኝ፤ እኔም ለአንድ ሳምንት አኮረፍኩት» ብላ የጻፈች ጊዜ ብቻቸውን ሲስቁ ጎረቤት ደንግጦ መጥቷል። ከዚያ በኋላ ግን ጽሑፏ ሁሉ «ድንቅ»፣ «ምርጥ»፣ «አስተማማኝ» ብቻ ሆነ። እያነበቧት ትናፍቃቸው ጀመር። ምክንያቱን ስላላወቁ «ከተማው ቀየራት» እያሉ ሆዳቸውን ሲብሰው ነው የኖሩት።

ይሁን እንጂ አባት አባት ነው። ለመከላከል ተነሡ።

«ታዲያ ምን ታድርግ ልጅቷ? ሰው ስጦታ ሰጥቶሽ ‹ጥርሱ ፕላስቲክ ነው› ትይዋለሽ? ነውር አይደለም እንዴ? እኔ ልጅ ያሳደግኩት ‹የሰጠሽን አመስግኚ፣ እንከኑን ዋጥ አድርጊው› ብዬ ነው።»

«ስጦታ ሲሆን ልክ ነዎት አባባ። አክስቴ ሹራብ ብትሰጠኝ፣ ቢጠበኝም አመሰግናለሁ። አክስቴ የሰጠችኝ ስለምትወደኝ ነው፤ ሰፈርተኛው ሹራብ እንዲገዛት አይደለም። ይኼ ኩባንያ ግን ያቺን ልጅ የት ያውቃታል? ብትታመም ይጠይቃታል? የፈለገው አንደበቷን ነው። በአንደበቷ የተማመንነው ደግሞ እኛ ነን።»

«ዋሽታ ላይሆን ይችላል እኮ። አንድ ቀን ሞክራው ሠርቶላት ይሆናል።»

«ይሆናል። እኔም ክፉ ናት አልወጣኝም። ግን ሰው ሆኖ ሳያውቀው የማያዳላ የለም። እኔ በገዛሁት ዕቃ ላይ እንከን ሳይ ቆሽቴ ያርራል። በነጻ ባገኘው ግን እንከኑ ከነጭራሹ አይታየኝም፤ ቢታየኝም ‹በሚቀጥለው አይልኩልኝም› ብዬ እተወዋለሁ።»

«ሥራዋ ነዋ! ካልላኩላት በምን ትጽፋለች?»

ልብስ ሰፊዋ ጥቂት አሰበችና ዓይኗን በሐኪሙ ጋዋን ላይ አሳረፈች።

«አባባ፣ አይቀየሙኝና፣ ይህን ጋዋን የት ገዙት?»

«አልገዛሁትም። መለዋወጫ የሚሸጠው ሰውዬ ነው የሰጠኝ፤ በየዓመቱ ይሰጠኛል።»

«መለዋወጫ ሲጠፋ ደንበኛ ወዴት ይልካሉ?»

ሐኪሙ ጋዋናቸውን ቁልቁል አዩ። ወደ ሰውዬው ነው የሚልኩት። ዕቃው ከሌላው ይሻል እንደሆነ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አወዳድረው አያውቁም። በዚህ ዕድሜያቸው ጆሯቸው ሲግል ተሰማቸው።

«አይፈሩ» አለች ሴትዮዋ ፈገግ ብላ። «የሰውዬው ስም ጀርባዎ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ገና ሲለብሱት አንብቤዋለሁ። ‹ሂጂ ከእሱ ግዢ› ቢሉኝ፣ ‹ወዳጃቸው ነው› ብዬ ሌላም ሱቅ ጠይቄ እወስናለሁ። ስለዚህ አላታለሉኝም። እኔ ልጅቷን ለምን የተሰጣትን ለበሰች አላልኩም፤ ትልበስ። ነገር ግን እሷ ጋዋኑን ገልብጣ ነው የለበሰችው። ስሙ ወደ ውስጥ ነው፤ ከእሷ በቀር የሚያየው የለም።»

ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋኑ ጫፍ ጠረጉት፤ ንጹሕ ነበር።

«ልጄ ናት» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ከወንበሩ ተነሣች። «ውይ አፌን! አባባ፣ በሞቴ፣ ባውቅ ኖሮ…»

«ብታውቂ ኖሮ እውነቱን አትነግሪኝም ነበር፤ እንኳንም አላወቅሽ። ተቀመጪ። የተቀመጥሽበትም የሷ ወንበር ነው።» ከዚያ እንደ መናዘዝ ዓይነት ቀጠሉ። «ስምንት ዓመቷ ነበር። አክስቷ ቀሚስ አመጣችላት። እንግዳ በሞላበት ቤት ‹አባዬ፣ ያሳክካል› አለች። ተቆጣኋት። አክስቷን ይቅርታ አስጠየቅኳት። ቀሚሱንም ቀኑን ሙሉ አስለበስኳት። ከዚያ ወዲህ የተሰጣትን ነገር ስታማርር ሰምቻት አላውቅም። እኔ ደግሞ ‹ጨዋ ልጅ አሳደግኩ› እያልኩ እኮራለሁ።»

«ታዲያ ያስተማሯትን ነው የምታደርገው። ይንገሯታ።»

«እሑድ እሑድ ትደውላለች። ያለችኝ ያቺው የእሑድ ስልክ ናት። ብትቀየመኝና ያቺንም ባጣትስ?»

«አባባ፣ ይህን ማለት የኔ ድርሻ አልነበረም፤ ግን አሁንስ ስትደውል እሷን ያገኟታል?»

ሐኪሙ ከጠረጴዛው ተነሡ። ከግድግዳው አንዱን ሙት መኪና አውርደው የብረት ጥርሱን ነቀሉና ለሴትዮዋ መኪና ሞርደው ገጠሙለት። ስትወጣም «የኔም ሥራ ቢሆን እንከን ካገኘሽበት እዚሁ መጥተሽ ንገሪኝ። እንዳታፍሪኝ» አሏት። አንባቢ ልብ ይበል፤ ጠዋት ከቤታቸው የወጡት ሐኪም ይህን የሚሉ ሰው አልነበሩም።

እሑድ ስልኩ ጮኸ። ሰላምታው እንዳለቀ ነገሩን አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን መከራከር ጀመረች።

«አባዬ፣ ሁሉም እኮ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ‹በነጻ ነው ያገኘሁት› ካልኩ ማን ያምነኛል? እንከኑን ከጻፍኩ ደግሞ ሁለተኛ ማን ይልክልኛል?»

«ላይልኩ ይችላሉ። ግን ያቺ ሴትዮ መኪናውን የገዛችው አንቺን አምና ነው፤ ኩባንያውን መች ታውቀዋለች? ደብቀሽ ከምታመሰግኚ፣ ተናግረሽ ብታመሰግኚ ያምርብሻል። እንከኑንም ብትናገሪ ሠሪው ራሱ ያርመዋል፤ ካልተነገረው ደህና ሠርቻለሁ ብሎ ይቀመጣል።»

«ስጦታ አይናቅም ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ትሕትና መስሎኝ ነው፤ ተሳስቻለሁ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

«እሺ አባዬ፣ ደህና ሁን» አለችና ዘጋችው።

በሚቀጥለው እሑድ አልደወለችም። ሐኪሙ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ድምፁ መከፈቱን አራት ጊዜ አዩ። በሁለተኛውም እሑድ አልደወለችም። ገጿ ላይም አዲስ ነገር የለም። የድሮውን የካውያ ጽሑፍ ፈልገው አነበቡት፤ እንደገናም አነበቡት፤ የሚያስቀው ቦታ ላይ ሲደርሱ እንባቸው መጣ። ባዶውን ወንበር ሲያዩ «ምን አፌን አስከፈተኝ» ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ የረገፈውን የፕላስቲክ ጥርስ ከመሳቢያቸው አውጥተው ያዩና መናገራቸው ልክ እንደነበር ይታያቸዋል። ልክ መሆን ግን ናፍቆትን አላስታገሰላቸውም።

አንድ ማክሰኞ ማለዳ ገጿን ሲከፍቱ እንዲህ የሚል አገኙ፦

«ከሦስት ወር በፊት ስለ አንድ የስፌት መኪና ጽፌ ነበር። ያልነገርኳችሁ ነገር አለ፤ መኪናውን ኩባንያው በነጻ ነው የሰጠኝ። አንድ መጋረጃ ሰፋሁበትና አሞገስኩት። ጂንስ አልሞከርኩም። ሸራ የሚባል ነገር በቤቴ የለም። ‹እንደ ወረቀት ይበሳል› ያልኩት ከኩባንያው ወረቀት ገልብጬ ነው። ሰሞኑን ጂንስ ሰፋሁበት፤ ጥርሱ እጄ ላይ ረገፈ። አሁን እኔና መኪናው ተኳርፈን ተቀምጠናል። እኔን አምናችሁ የገዛችሁ ይቅር በሉኝ። ከእንግዲህ የተሰጠኝን ዕቃ ‹ተሰጥቶኝ ነው› ሳልል፣ በደንብ ሳልሠራበትም አልጽፍም።»

ሐኪሙ «ተኳርፈን» የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ስልኩን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ቆዩ። ልጃቸው ናት። ድምፅዋ ነው።

የዚህ ነገር ጥቅሙ እያደር ታየ። ኩባንያው ተቆጥቶ ለጊዜው ዕቃ መላኩን ቢያቆምም፣ ልብስ ሰፊዎች ከየአካባቢው የተሰበረ ጥርሳቸውን ፎቶ እያነሡ ሲልኩ በኋላ የሠራውን መኪና ጥርስ ብረት አደረገው። የልጅቷ አንባቢዎች ይሸሻሉ ሲባል በዙ፤ ስታመሰግን የምታመሰግነው ወዳ መሆኑን አውቀዋልና። ልብስ ሰፊዋ ዩኒፎርሙን በሰዓቱ አስረክባ ለቀጣዩም ዓመት ሥራ አገኘች። ሐኪሙም ደንበኛ ወደ መለዋወጫ ሻጩ ሲልኩ ዞር ብለው ጀርባቸውን ያሳዩና «ጋዋን ሰጥቶኛል፤ ሌላም ሱቅ ጠይቁ» ይላሉ። ስጦታ መቀበል ኃጢአት አይደለም። ያመነን ሰው እንዳያይብን ስንደብቀው ግን የምናጣው የእሱን እምነት ብቻ አይደለም፤ የራሳችንም ድምፅ ይጠፋብናል፤ ያን ጊዜ የሚወዱን ሰዎች እያወራናቸውም እኛኑ ይናፍቃሉ።

ይህ ሁሉ የሆነው ግን በኋላ ነው። ያን ማክሰኞ ሐኪሙ ገና መነጽራቸውን ሳያወልቁ ስልካቸው ጮኸ። እሑድ እስኪመጣ አልጠበቀችም።

«አባዬ፣ አነበብከው?»

«አነበብኩት።»

«እሑድ እመጣለሁ። መኪናውንም ይዤው ነው የምመጣው፤ የብረት ጥርስ ታስገባለታለህ። ወንበሬ አለች?»

«አለች። ማንም አልተቀመጠባትም… አንዲት ሴትዮ ብቻ፣ ያውም ዝናብ መትቷት።»

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋ የሕፃን መሰለ።

«አባዬ… ያ የአክስቴ ቀሚስ እኮ በጣም ያሳክክ ነበር።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ ሐኪሙ። «ከበር ኋላ ተደብቀሽ እያከክሽ ስታለቅሺ አይቼሻለሁ።»