ከውሃው በላይ

ዳንግላ፣ ከቀትር በኋላ፤ ወይዘሮ አትጠገብ የልጅ ልጃቸው ምንታምር ከኮስታ ሪካ ጫካ ቀድታ ያመጣችውን የአንዲት ትንሽ ወፍ ድምፅ በስልክ ደጋግመው ይሰማሉ፤ አብሯት የሄደው ወንድሟ ደርበው እዚያው ወንዝ ከወሰደው ነገ ዓመቱ ነው።

አትጠገብ፦ ለመሆኑ ደርበው ማንን ነው የሚጠራው?

ምንታምር፦ እምዬ፣ ስልኩን ስጪኝ በቃ። ስንት ጊዜ ልትሰሚው ነው?

አትጠገብ፦ ወፏ ትጮኻለች፣ ከኋላዋ ደግሞ የሱ ድምፅ አለ። አልሰማሁም ልትዪኝ ነው?

ምንታምር፦ ውሃ ነው። ወንዝ አንዳንዴ ሰው ይመስላል።

አትጠገብ፦ ከአራስነቱ ያሳደግሁትን ልጅ ድምፅ ከውሃ መለየት አቃተኝ? ሰባተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ የኔ የወፍ ሊቅ፤ ጆሮዬም ደህና ነው።

ምንታምር፦ ማን ምን አለሽ?

አትጠገብ፦ ይቺ ወፍስ ምን ታክላለች?

ምንታምር፦ ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥ። ጅራቷን እያወዛወዘች ከድንጋይ ድንጋይ ስትዘል ነው የምትውል።

አትጠገብ፦ ያቺን ታክላ ይህ ሁሉ ጩኸት!

ምንታምር፦ ወንዝ ዳር ስለምትኖር ነው። ከውሃው በላይ ካልጮኸች አትሰማም።

አትጠገብ፦ እሱስ? እሱም ከውሃው በላይ መጮሁ ነው?

ምንታምር፦ ተይኝ እምዬ፣ በሞቴ።

አትጠገብ፦ ነገ አልቃሿ አሟሟቱን ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? ወፍ ሲያይ ሞተ?

ምንታምር፦ ጎርፍ ወሰደው በያት። እውነት ነው።

አትጠገብ፦ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ዓመት ሙሉ አድሬ አልነጋልኝም። አንቺ የት ነበርሽ?

ምንታምር፦ እዚያው ዳር ላይ። ከዚህ እስከ አጥሩ ቢሆን ነው።

አትጠገብ፦ ታዲያ የሱ ድምፅ ሲሰማ ያንቺ ምነው ጠፋ?

ምንታምር፦ ስንቀዳ አንናገርም። ደንብ ነው። አንዲት ቃል ከገባችበት ይበላሻል።

አትጠገብ፦ እሱ ደንቡን አያውቅም?

ምንታምር፦ ያውቃል። አውቆ ነበር የሚያበላሽብኝ፣ ሊያስቀኝ። ያን ቀንም... ቀልድ መሰለኝ።

አትጠገብ፦ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ። ቀና ብለሽ እዪኝ እስቲ። ማንን ነው የሚጠራው?

ምንታምር፦ እኔን።

አትጠገብ፦ እሺ?

ምንታምር፦ ዞር እንኳ ሳልል ዝም በል ብዬ እጄን አነሳሁ። ወፏ እስክትጨርስ።

አትጠገብ፦ እንኪ ስልክሽን።

ምንታምር፦ እምዬ? ወዴት ነው? ስደቢኝ እንጂ! ምቺኝ! እምዬ... ጫማሽን እኮ አላደረግሽም!