መቶ ሃያ ዓመት ያደልኩበት ከሰዓት በኋላ

ክቡር ሊቀ መንበር አቶ ተወልደመድኅን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ሻሂና ይህን ሁሉ ፓስቴ ያዘጋጃችሁልኝ የወጣቶች ብሔራዊ ቡድን ጽሕፈት ቤት ባልደረቦቼ፣ አመሰግናለሁ። የቐንየለይ። ለልጆቹ ልምምድ ላይ የዚህ ግማሽ ቀርቦላቸው ቢያውቅ ኖሮ አንድ ጎል ሳናገባ አንቀርም ነበር።

ንግግሬን በትግርኛ ጽፌው ነበር። ጠዋት የሥራ ባልደረባዬ ፍዮሪ አየችውና፣ "በጃኻ ኣያ ታዴዎስ፣ ብኣምሓርኛ ግበሮ" አለችኝ። ሠላሳ ዓመት አስመራ ኖሬ፣ ከኣብርሄት ጋር ሦስት ልጆች አሳድጌ፣ ትግርኛዬ አሁንም ሰው ያስቃል። እንግዲያው በአማርኛ ልናገር። ትምህርት ቤት ተገዳችሁ የተማራችሁት ቋንቋ አንድ ቀን እንኳ ይጥቀማችሁ።

ለማታውቁኝ አዲሶች፣ እኔ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነኝ። በዘጠና አንድ፣ እኔ በልቤ እስከ ዛሬ ሰማንያ ሦስት በምለው ዓመት ማለቴ ነው፣ ወገኖቼ ሻንጣቸውን ጭነው ሲሄዱ እኔ እዚሁ አስመራ፣ ማይ ተመናይ ሰፈር ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቁኝ ሚስቴ አልፈቀደችልኝም እላለሁ፤ እውነቱም እሱ ነው። በኋላ ይህ ጽሕፈት ቤት ሲከፈት የእጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው ተፈለገና ተቀጠርኩ። ሌላ ችሎታ አልተጠየቅኩም፣ እኔም አላቀረብኩም።

አገራችን ትንሽ ናት። አገራችን ስል ቅር የሚለው ካለ ይታገሠኝ፤ የምሄደው ጡረታ እንጂ ሌላ ቦታ አይደለም። አገሪቱ ትንሽ፣ ቡድኑ ትንሽ፣ ትልቅ የነበረው ኮሚቴው ብቻ ነው። ልጆቹ ጠጠር ላይ ጫማ እየተዋዋሱ ሲለማመዱ፣ እኛ ስለ መለያው ቀለም አምስት ጊዜ ተሰብስበናል። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ አትክዱኝም።

በዘጠና አምስት ጎረቤት አገር ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ባዘጋጀው ውድድር ጋበዘን። አሥራ አምስት ተጫዋቾች፣ አሠልጣኝ ኪዳኑና ስድስት የኮሚቴ አባላት ሄዱ። አንደኛው በአስተርጓሚነት ነበር የሄደው፤ ጣሊያንኛና ዐረብኛ አሳምሮ ያውቃል። እዚያ አገር ሁለቱንም የሚናገር አልነበረም። ገበያ ላይ ግን ምንም አልቸገረውም አሉ።

አሁን ወደ ውድድሩ መመዝገቢያ ቅጽ ልምጣ። የልጆቹን የልደት ወረቀት የሰበሰብነው ከየቤተ ክርስቲያኑና ከድሮው ቀበሌ ነው። ሁሉም ላይ የተጻፈው 1971 ነው፣ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር። በእኔም አቆጣጠር። ቅጹ የሚፈልገው ግን የፈረንጁን ነበር፤ 1979 መባል ነበረበት። እኔ አሳምሬ፣ አሥራ አምስት ጊዜ፣ 1971 ብዬ ጻፍኩ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች በአንድ ከሰዓት በኋላ ስምንት ስምንት ዓመት ተጨምሮላቸው ሃያ አራት ሞላቸው።

ፍዮሪ በትከሻዬ በኩል አይታ፣ "ኣያ ታዴዎስ፣ እዚ ዓመት ልክዕ ድዩ?" አለችኝ።

"አንቺ ሳትወለጂ እኔ መዝገብ እጽፍ ነበር" አልኳት። ልክ መሆኑን የጠየቀ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ ያገኘችውም መልስ ይኸው ነው።

ቅጹ ከዚያ አምስት ጠረጴዛ ዞረ። አምስት ፊርማ፣ ሁለት ማኅተም። አንዱ ማኅተሙ ተጣመመ ብሎ መልሶ አስመታኝ። ስሙን አልጠራም፣ ፓስቴውን በሰላም ይብላ። ዓመቱን ግን ያየ የለም። በመጨረሻ ኪዳኑ ማኅተሙን አምኖ ፈረመ።

እዚያ ሲደርሱ የውድድሩ ሹም ቅጹን አየ፣ ልጆቹን አየ። የግራ ክንፋችንን፣ ሃብተሚካኤልን ጠራና ዕድሜውን ጠየቀው። ልጁ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ "ዓሰርተ ሽዱሽተ" አለ፤ አሥራ ስድስት። ሹሙ ምን እንዳለ ኪዳኑ ነግሮኛል። "ሌላው አገር ሽማግሌ አምጥቶ ልጅ ነው ይለኛል። እናንተ ልጅ አምጥታችሁ ሽማግሌ ነው ትላላችሁ። እንዲህ ያለ ማጭበርበር አይቼ አላውቅም።" ኪዳኑ ስለ ሁለቱ አቆጣጠር ቢያስረዳው፣ የተፈረመ ወረቀት እያለ ወሬ አልሰማም አለው።

በሦስተኛው ቀን ኳስ ሳይነኩ ተመለሱ። ሃብተሚካኤል የተዋሰውን ጫማ ማሰሪያውን ሳይፈታ ለባለቤቱ መለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜያቸው በእውነት አለፈ። እነዚያን ልጆች መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ።

ከዚያ እዚሁ አዳራሽ ተሰበሰብን። ክቡር ሊቀ መንበር፣ "ቅጹን የሞላው ማነው?" ብለው ጠየቁ። እኔ ብዕሬን ይዤ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። እጄ ቆመ። ምን አሰብኩ መሰላችሁ? "እቲ ኣምሓራይ ኮነ ኢሉ እዩ ገይርዎ" ሲባል ታየኝ። አማራው ሆነ ብሎ ነው ያደረገው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። የእኔ ስህተት እንደ እናንተ ስህተት አይቆጠርም ብዬ ፈራሁ።

ኪዳኑ ከመቀመጫው ተነሣ። "ኣነ እየ" አለ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ጻፍኩ። "አሠልጣኝ ኪዳኑ ቅጹን የሞላው ራሱ መሆኑን አመነ" ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ። በዚያው ሳምንት ተሰናበተ።

ይኸው ቅጹ። ይኸው ቃለ ጉባኤው። ተቀባበሉትና እዩት፤ የአንድ ሰው እጅ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ለሁለት ዓመት በአንድ ፋይል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሦስት አጣሪ ኮሚቴ ይህን ፋይል ተቀብሎ፣ ፈርሞ፣ መልሶልኛል። ማንበብ በሥራ ዝርዝራቸው ውስጥ አልነበረም።

ባለፈው እሑድ በአውቶቡስ ሰምበል ወረድኩ። ኪዳኑ አሁን እዚያ በሕንጻዎቹ መካከል የሰፈር ልጆች ያሠለጥናል። ፌርማታው ላይ ልመለስ ከጅሎኝ ነበር። ደረስኩና፣ "ለምን እኔ ነኝ አልክ?" አልኩት።

ዓይኑን ከልጆቹ ላይ ሳያነሣ፣ "ጽሕፈትካዶ ኣይፈልጦን እየ?" አለኝ። የእጅ ጽሑፌን ከመጀመሪያው ያውቀው ነበር። ቀጥሎ፣ "ኣነ ካብ ስራሕ እየ ዝስጎግ። ንስኻኸ?" አለ። እኔ የምባረረው ከሥራ ነው፣ አንተስ ከየት? ከዚያ ፊሽካውን ነፋና ወደ ልጆቹ ሄደ።

ኪዳኑ ዛሬ እዚህ ነው፤ እዚያ በሩ ጋ የቆመው። ፓስቴ አለ ብዬ አታልዬ ነው ያመጣሁት። ክቡር ሊቀ መንበር፣ ጠዋት ጠረጴዛዎ ላይ የፈረምኩበት ደብዳቤ አስቀምጫለሁ። ያለውን እነግርዎታለሁ፣ ምናልባት ካልተነበበ። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ፍዮሪ፣ ዛሬ ቃለ ጉባኤ የምትይዢው አንቺ ነሽ፤ ይህንን ጻፊው። የሰጣችሁኝን የግድግዳ ሰዓት አክብሬ እቀበላለሁ። እውነተኛ ስጦታ ካሰባችሁልኝ ግን የኪዳኑን ቦታ ለኪዳኑ መልሱለት።

በሉ ልመርቃችሁ። ቤታችሁ ይባረክ። ልጆቻችሁ ሣር ያለው ሜዳ ይግጠማቸው። የሚቀጥለው ቡድን ቢሸነፍም ኳስ ነክቶ ይመለስ። ዕድሜ ይስጣችሁ ለማለት ግን አፌ አልደፈረም። እሱን እግዚአብሔር ያድላችሁ፤ እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ መቶ ሃያ ዓመት አድያለሁ፤ የከፈለው ግን ኪዳኑ ነው።