ማን ገደለው?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የምንወጣበት ሚኒባስ ሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋግ ውስጥ ገብቷል። ከፊቴ አንዲት ወጣት በስልኳ የጥንት የወንጀል ፊልም ታያለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ልጄ፣ ይሄ ጥቁርና ነጭ ፊልም ዛሬም ይታያል?»

«ጓደኞቼ ሁሉ ይወዱታል፣ አባባ። ያውቁታል እንዴ?»

«በካሴት ነበረን። የፊልሙን ጭጋግ አየሽው? ሠሪዎቹ ከተማ መሥሪያ ገንዘብ ቢያጡ ነው በጭስ የሸፈኑት።»

«እንደ ሐረጎ!»

«ሐረጎስ ከጭጋጉ ኋላ አገር አለው። እዚያ ያለው አንድ አምፑልና አንድ በር ነው።»

«ታዲያ ምኑን ወደዱት?»

«ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ መጨረሻው ሳይደርስ እንቅልፍ ይጥላት ነበር። ጠዋት ‹ማን ገደለው?› ትለኛለች። ሁልጊዜ የሌላ ሰው ስም እነግራታለሁ።»

«ታምንዎት ነበር?»

«ወላሂ፣ አንድም ቀን! ከሞተች ወዲህ ግን መጨረሻውን አላየሁትም። አይቼስ ለማን ልንገር?»

ልጅቷ ፊልሙን አቆመችው።

«እኔም መጨረሻውን አላውቀውም። ማን ገደለው?»

ሽማግሌው የቆመውን ምስል አዩት።

«ልብስ ሰፊው።»

«ውሸትዎን ነው!»

«እሷም እንደዚሁ ነበር የምትለኝ።»

እኔ ከኋላቸው፣ ሳነበው የቆየሁትን፣ ጥቂት ገጽ ብቻ የቀረውን ልቦለድ ሳልጨርስ ከደንኩት።