ሁለት ፓይተን፣ ሁለት ዜማ

ወገዳ ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፍ ብትሉ እኔ ብቻ ነኝ። ያን ቀን ፕሮግራም የምጽፍበትን የፓይተን ቋንቋ አዲሱን እትም ልጭን ብዬ አሮጌውን አጠፋሁትና በአሮጌው የተጻፈው የምሠራበት ቢሮ ፕሮግራም ቀጥ አለ። ብቻዬን ስነጫነጭ ደብዳቤ ሊያጽፉ የመጡ መሪጌታ፣ "ምን ሆንክ ልጄ?" አሉኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለምና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

"ታዲያ ለምን አጠፋኸው?" ብለው ተቆጡ። "እኔ ጎጃም የአጫብርን ዜማ ተማርኩ፤ ኋላ ጋይንት ገብቼ የቤተ ልሔምን ዜማ ያዝኩ። ሁለቱም በልቤ አሉ፤ አይደባለቁም።"

አሮጌውን መልሼ ከአዲሱ ጎን ለብቻው ጫንኩት፤ ፕሮግራሙም ተነሳ። ደስ ብሎኝ፣ "እስቲ በአጫብሩ ያዚሙልኝ" አልኳቸው። ጀመሩና ወዲያው ተዉት።

"እዚህ አጫብር ሳዜም ተከትሎ የሚቀበለኝ የለም" አሉ። "አንተስ ይህን ሥራህን ከማን ጋር ታወራዋለህ?"

ለደብዳቤው ባዶ ገጽ ከፈትኩና፣ "ደብዳቤው ለማን ነው?" አልኳቸው።